የኦርሞንድ ጉልበት

ዴልማር ትሪግስታድ ሰባ አምስት ዓመት ሞልቶታል። ከዚህ ውስጥ ሃምሳ ሁለቱን ያሳለፈው በዳኝነት ነው። ፍርድ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ እንጀራውን የበላው ፖስታ ቤት ደብዳቤ እየለየ ነው። ዳኝነቱ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሴንት ፖል ከተማ ባለው ቤቱ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ በተዘረጋ ጠረጴዛ ላይ ነበር። የሚዳኘውም ጨዋታ ነው፤ በሌሉ ሰዎችና በሌሉ ዘንዶዎች መካከል። የሌለው ሰው የሌለውን ዘንዶ በሌለ ሰይፍ ሲሰነዝርበት አገኘው ወይስ ሳተው? ዘንዶው እሳት ሲተፋ ከበሩ ኋላ የተሸሸገው ይቃጠላል ወይስ ይተርፋል? በዚህ ጉዳይ ያበዱ ጎልማሶች አሉ። አንድ የጥርስ ሐኪም «በሩ የብረት ነው ብለህ ነበር!» ብሎ ሦስት ወር አኩርፏል፤ ኩርፊያውም የዴልማርን መንጋጋ ጥርስ አላክምም እስከ ማለት ደርሶ ነበር።

እና ደክሞታል። ጉልበቱ ደክሞታል፣ ጆሮው ደክሞታል፣ ከሁሉ ይልቅ ግን «አንተ ፍረደን» የምትለዋን ነገር መስማት ደክሞታል።

ሲጀምሩ ዐሥራ አንድ ነበሩ። አሁን ከእርሱ ጋር ሦስት ቀርተዋል፤ ሌሎቹን ልብም፣ ጉበትም፣ የጡረተኞች አገር ፍሎሪዳም ወስደዋቸዋል። ሦስት ደግሞ መጨረሻው ነው። አንድ ዳኛና ሁለት ተጫዋች ካለ ጨዋታ አለ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የቀሩት ሁለቱ ምድር ቤት ተቀምጠው ስለ ዘንዶ የሚያወሩ ሽማግሌዎች ይሆናሉ፤ ያ ደግሞ ሐኪም የሚጠራበት ጉዳይ ነው።

ሁለቱ ተጫዋቾች ሮሊ ኩቢቼክና ዌንደል ኦስጋርድ ናቸው። ሮሊ የሥጋ ሻጭ ልጅ ነው፣ ራሱም ሥጋ ሻጭ ሆኖ ጡረታ ወጣ። ምላሱ እንደ ቢላዋው ነው፤ አጥንቱ የት ጋ እንደሚለያይ ያውቃል። ዌንደል ኬሚስትሪ ሲያስተምር የኖረ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ቀስ ብሎ የሚቀየም ሰው ነው። ከተቀየመ ግን እንደ ሐይቅ በረዶ ነው፣ እስኪቀልጥ ወራት ይወስዳል። ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት ሮሊ «ዳይሱን በትንሿ ጣትህ ገለበጥከው» ቢለው ተነሥቶ ካፖርቱን ለበሰና ለሁለት ዓመት ቀረ። ያን ጊዜ ዴልማር በሁለቱ ቤት መካከል ሲመላለስ መኪናው አረጀች። አሁን እንዲያ ያለ ጉልበት ከየት ይመጣል? ሁለት ዓመት የሚያኮርፍበት ዕድሜስ ያለው ማን ነው?

ይህ በእንዲህ እንዳለ ነው የሙዚየሙ ነገር የመጣው።

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቅ፦ ጨዋታው ገና ስም ሳይወጣለት፣ ሕጉም ሳይታተም፣ እነ ዴልማር የናፖሊዮንን ጦርነት በቆርቆሮ ወታደሮች ይጫወቱ ነበር። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ «ሠራዊቱን ተዉት፤ እኔ አንድ ሰው ብቻ ልሁን» አለ። ማን እንዳለው እስከ ዛሬ ጭቅጭቅ ነው። አንድ ሰው ለመሆን ታዲያ የሰውየው ጉልበት፣ ብልሃት፣ ድፍረትና ዕድል ስንት እንደሆነ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ባለው የመጫወቻ ኩብ፣ በዳይስ፣ ይጣልና ወረቀት ላይ ይጻፋል። የዚያን ጊዜ ያ ወረቀት ሰናፍጭ የሚንጠባጠብበት፣ የልጃገረድ ስልክ ቁጥር የሚጫርበት፣ ሰውየው ሲሞት ተጨማድዶ ምድጃ የሚገባ ወረቀት ነበር። አሁን ምሁራን ስለ እርሱ ጉባኤ ይጠራሉ። በጓንት ይነኩታል።

ማክሰኞ ጠዋት የአውራጃው ሙዚየም ውስጥ ካሊያ ሾንግ ጓንት አቀረበችለት። ካሊያ የአካባቢውን ታሪክ የሚያሳይ ዐውደ ርእይ የምታዘጋጅ፣ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች፣ አያቷ የምታወራውን የመናፍስት ወሬ ሁሉ እየመዘገበች ያደገች ሴት ናት።

«ይልበሱት፣ አቶ ትሪግስታድ» አለችው።

«ልጄ፣ እኔ እነዚህን ወረቀቶች የማውቃቸው ቋሊማ በያዘ እጄ ነው።»

«ለዚህ ነው አሁን ጓንት ያስፈለጋቸው።»

ለበሰ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል፤ አንዱ የሮሊ፣ አንዱ የዌንደል።

«ሁለቱም የጨዋታው የመጀመሪያው ወረቀት የኔ ነው ይላሉ» አለች ካሊያ። «አቶ ኩቢቼክ አራት ጊዜ ደውለዋል። አቶ ኦስጋርድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጻፉልኝ፣ ደብዳቤው ግን ስድስት ገጽ ነው።»

«ሁለቱን አንድ ላይ ብታስቀምጪያቸውስ?»

«ያለኝ አንድ ትንሽ የመስታወት ሣጥን ነው። ሌሎቹን ከግብርና ትርኢቱ የመጡት፣ በቅቤ የተቀረጹት የልጃገረዶች ምስሎች ወስደዋቸዋል።»

ዴልማር ራሱን ነቀነቀ። ከቅቤ ልጃገረዶች ጋር ተፎካክሮ ያሸነፈ በዚያ አገር የለም።

«ሁለቱም ‘ዳኛችን ዴልማር ነው፣ እርሱን ጠይቂ’ አሉኝ» አለች። «የሣጥኑ መግለጫ ጽሑፍ የሚታተመው ዓርብ ነው። ይፍረዱልኝ።»

ይህችው ናት እንግዲህ። ዴልማር ማጉያ መነጽሩን አነሣ።

የሮሊ ወረቀት የሥጋ መጠቅለያ ነው። ቡናማ፣ ጠርዙ በእጅ የተቀደደ፣ አንድ ጥጉ ላይ የስብ ክብ ያለበት። በእርሳስ ስለ ሮሊ ጀግና እንዲህ ይላል፦ ቦርዞ። ጉልበት 11። ብልሃት 5። ድፍረት 9። ዕድል 3። ከሥሩ የዕቃው ዝርዝር አለ፦ ገመድ፣ ፋኖስ፣ የሦስት ቀን ስንቅ፣ አህያ። አህያዋ ተሰርዛ «ሞታለች» ተብሎ ተጽፎባታል። ከእርሷ በታች፣ ተጨምቆ፣ «የኦርሞንድ ሰይፍ» ይላል።

የዌንደል ወረቀት ባለ ካሬ ነው፣ መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ቢጫ የመታው። በላይኛው ጥግ «ኖቬምበር 1971» ይላል። ዴልማር መጀመሪያ የቆመው እዚህ ላይ ነው። ማን ነው ቀን የጻፈው? አንድ ሰው ቀን የሚጽፈው ነገሩ ታሪክ እንደሚሆን ሲያውቅ ነው፤ እነርሱ ደግሞ ያን ቀን የሚያውቁት ፒዛው እንደዘገየ ብቻ ነበር። ቀጥሎ የጀግናውን ስም አነበበ፣ ኦርሞንድ። ቀጥሎ ጉልበቱን አነበበ።

15።

መነጽሩን ዝቅ አደረገ፣ ጠረገው፣ እንደገና አነሣው። ዐሥራ አምስት ነው።

የዚያን ዓመት የነበሯቸው ዳይሶች ሁለት ናቸው። ዴልማር ከእናቱ የገበታ ጨዋታ ሣጥን የሰረቃቸው ሁለት ነጫጭ ዳይሶች፤ እናቱም እስክትሞት ስትፈልጋቸው ኖራለች። ሦስተኛው የመጣው በቀጣዩ ዓመት ጁላይ ነው። ሁለት ዳይስ ደግሞ ቢገለበጥ ቢንከባለል፣ ከጠረጴዛ ወድቆ ድመት ቢያሽከረክረው፣ ከዐሥራ ሁለት አያልፍም።

ያም ብቻ አይደለም፤ ዴልማር የኦርሞንድን ጉልበት በቃሉ ያውቀዋል። አራት ነበር። ምድር ቤት ውስጥ ከተወለዱት ሁሉ ደካማው ኦርሞንድ ነው። የገዛ ሰይፉን ማንሳት ስላቃተው ቦርዞ ሲሸከምለት ኖረ፤ ጠላት ሲመጣ ሰይፉን ከቦርዞ ተቀብሎ፣ አንዴ ሰንዝሮ፣ መልሶ ይሰጠዋል። ዐሥራ አንዱም በሳቅ ሲፈርሱ የከረሙበት ነገር ነው።

ዌንደል እንግዲህ ወረቀቱን አስመስሎ ሠርቶታል። ደግሞም አሳምሮ ሠርቶታል፦ ሻይ ውስጥ ነክሮታል፣ ጠርዙን ምድጃ አፍ ላይ አድርቆታል፣ የኬሚስትሪ አስተማሪ አይደል? ግን ከአስተማሪነቱ በፊት ተጫዋች ነው። ሃምሳ ዓመት የተጫወተ ሰው ብዕር ይዞ የራሱን ጀግና ጉልበት እንደገና ጻፍ ቢባል፣ እግዚአብሔርና አራት ምስክር ቆመው ቢያዩት እንኳ፣ አራት ብሎ አይጽፍም። እጁ እምቢ ይላል።

«ምነው?» አለች ካሊያ። «ፊትዎ ተለዋወጠ እኮ።»

«እስከ ነገ ጠብቂኝ።»

«አገኙ ማለት ነው?»

«ልጄ፣ ሁልጊዜም አገኛለሁ» አለ ዴልማር፣ ጓንቱን እያወለቀ። «ጣጣው እሱ ነው።»

ረቡዕ ጠዋት ከመኪናው መስታወት ላይ በረዶ ፈቅፍቆ፣ ዌንደል ወደሚኖርበት የአረጋውያን ሕንፃ ሄደ። ዌንደል ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑ ላይ ውድድር አለ፤ ሰዎች በረዶ ላይ ድንጋይ እያንሸራተቱ ፊት ፊቱን በመጥረጊያ ይጠርጋሉ። ድምፁ ጠፍቷል።

«አራት ነበር» አለ ዴልማር፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ።

«ምኑ?»

«ኦርሞንድ።»

ዌንደል ቴሌቪዥኑን እንዳየ ቀረ። አንዱ ድንጋይ ሌላውን ገጭቶ አወጣው።

«ውኃ ወሰደው» አለ በመጨረሻ። «በዘጠና ሰባት፣ ጎርፉ ምድር ቤቴ ሲገባ። ወረቀቱ ነበረኝ፣ ዴል። ነበረኝ!»

«እንደነበረህ አውቃለሁ።»

«ታዲያ የነበረኝን መልሼ ብጽፍ ውሸት ነው?»

«አራት ብለህ ብትጽፈው ኖሮ እኔም ምናልባት ዓይኔን እጨፍን ነበር። ዐሥራ አምስት! ምን ነክቶህ ነው ሰውዬ? በሁለት ዳይስ?»

«ረሳሁት። የዳይሱን ነገር ረሳሁት።»

«አራቱንስ?»

ዌንደል ሁለት እጁን ከጭኑ ላይ አንሥቶ ፊት ለፊቱ ዘረጋ። እጆቹ እንደ ቅጠል ይርገፈገፉ ነበር፤ የሚያንቀጠቅጠው በሽታ ከያዘው አራተኛ ዓመቱ ነው።

«ይሄን አየኸው? ትናንት የሸሚዜን ቁልፍ የቆለፈችልኝ ነርሷ ናት፤ እየቆለፈች ስለ ውሻዋ ታጫውተኛለች። የልጅ ልጆቼ ሙዚየሙ ሲከፈት ከዱሉዝ ይመጣሉ። መብራት በርቶበት፣ በመስታወት ውስጥ፣ የአያታቸው ስም ባለበት፣ ‘ጉልበት አራት’ ብለው ያንብቡልኝ?»

«ኦርሞንድ እኮ ነው አራት፣ አንተ አይደለህም።»

«ይሄን ለልጆች አስረዳልኝ።»

ዴልማር ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ዝም በል ብቻ» አለ ዌንደል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምንም አትበል። ልጅቷ ቀኑን አይታ ትወስናለች።»

«ሮሊ ያየዋል።»

«ሮሊ ዓይኑን ሞራ ሸፍኖታል።»

«ለእንዲህ ያለው ይገለጥለታል።»

ዌንደል ሳቅ መጥቶበት መለሰው። «እንግዲያ ስማኝ። ከፈረድክብኝ ሐሙስ አልመጣም፤ የሚቀጥለውም ሐሙስ፣ ከዚያ ወዲያም። የሮሊ መሳቂያ ሆኜ የቀረችኝን አልጨርሳትም። ዝም ካልክ ግን ነገ እንደ ሁልጊዜው በሰባት ሰዓት ተኩል ውሰደኝ። ያንተ ሥራ ዝም ማለት ብቻ ነው፤ ይሄ ምን ይከብዳል?»

ዴልማር መኪናው ውስጥ ሞተሩን አስነሥቶ፣ መስታወቱ እስኪጠራ ሲጠብቅ ስንት እንደሚከብድ አሰበ። ውሸት እንደ አሮጌ ቤት ነው፣ ጥገና ይፈልጋል። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሮሊ ነገሩን ሲያነሣ እርሱ ወሬ ሊያስቀይር ነው። ሮሊ ሙዚየም እንሂድ ሲለው እግሬን አመመኝ ሊል ነው። ምን እንዳለና ለማን እንዳለ ማስታወስ ሊኖርበት ነው፤ መነጽሩን የት እንዳስቀመጠ የማያስታውስ ሰው! እውነቱን ቢናገር ግን ጠረጴዛው ሊፈርስ ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመት የቆመ ጠረጴዛ። አንዱን ሲያስብ ሌላው የባሰ መሰለው። በመጨረሻ ወደ እውነቱ ያጋደለው ጨዋነት አልነበረም፤ ከሁለቱ ሸክም አንዱ አንዴ ብቻ የሚነሣ መሆኑን አስልቶ ነው።

ስልኩን አወጣ።

«የሮሊ ነው» አላት ካሊያን።

«የአቶ ኦስጋርድስ?»

«በኋላ፣ በትዝታ የተጻፈ ነው። ሰውየው ግን ነበረ፤ ኦርሞንድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበረ። የሮሊን የዕቃ ዝርዝር እስከ ታች አንብቢው፣ ሰይፉን ታገኚዋለሽ።»

ወረቀት ሲገለጥ ተሰማው። ጥቂት ቆይታ «አየሁት» አለች። «የሌላ ሰው ሰይፍ ምን ይሠራል እዚህ?»

ነገራት። ሲጨርስ ካሊያ እየሳቀች እንደሆነ አወቀ፣ ቀስ ብላ ግን፣ ሰውን በማይነካ ሳቅ።

«ጽሑፉ ላይ የሁለቱንም ስም ላስገባ?»

«እንደፈለግሽ። እኔ መፍረድ በቅቶኛል።»

ሐሙስ በሰባት ሰዓት ተኩል ወደ ዌንደል ቢደውል ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ሮሊ በታክሲ መጣ። ሮሊ ምድር ቤቱን በወረደ ጊዜ የድንች ኳስ የተደረደረበትንና በምድጃ የተጋገረውን የሥጋ ድፍን በሁለት እጁ ይዞ ነበር፤ ድል ያደረገ ሰው ምግብ ይዞ ይመጣል።

«የሙዚየሟ ልጅ ደውላልኛለች!» አለ ገና ደረጃው ላይ ሳለ። «ቦርዞ! ከቅቤዎቹ ጎን! ዌንደል የታለ? ፊቱን ማየት አለብኝ።»

«አይመጣም።»

«ታመመ?»

ዴልማር ይህንንም አንዴ ተናግሮ መገላገል ፈለገ። ዳይሱን፣ ጎርፉን፣ ሻዩን፣ ዐሥራ አምስቱን ነገረው።

ሮሊ ሳቀ። ድፍኑን ልብስ ማጠቢያው ላይ አስቀምጦ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ዐሥራ አምስት! ያ ማንኪያ ከሾርባ ለማውጣት ሰው የሚጠራ! አህያዬ የሞተችው እኮ ያንን ሰይፍ ተሸክማ ነው! ዐሥራ አምስት!» ወደ ዌንደል ወንበር ዞረ። ወንበሩ ባዶ ነው። ወደ ዴልማር ዞረ። ዴልማር ዓይኑን ጨፍኗል።

ሳቁ ቀስ እያለ አለቀ።

«አንተ አትስቅም?» አለ ሮሊ።

«ደክሞኛል፣ ሮሊ።»

ሮሊ ተቀመጠ። ዳይሶቹን አነሣ፣ አስቀመጠ። ከላይ የማሞቂያው ቱቦ ያንኳኳል። «ይሄን የመሰለ ስድብ ነበር በልቤ ይዤ የመጣሁት» አለ። «በመኪና ውስጥ ሳለሁ ነው ያሰናዳሁት። ላንተ ብነግርህ ምን ይጠቅመኛል?» ድንገት ተነሣ። «ተነሥ።»

«ወዴት?»

«ወደሱ ነዋ! አልመጣም ቢል እኔ አልሄድም ብያለሁ? ድፍኑን ያዝ፣ ትኩስ ነው። እዚያ የሚያበሏቸው የተፈጨ አተር ነው።»

ዌንደል በሩን የበሩ ሰንሰለት የፈቀደውን ያህል ብቻ ከፈተው።

«ዐሥራ አምስት» አለ ሮሊ በስንጥቁ።

«ሂድ ከዚህ፣ አንት ሥጋ ሻጭ!»

«ዐሥራ አምስት! ባለ ሁለት ዳይሱ ጀግና!»

«ጎረቤት ይሰማል!»

«ይስማ! እኔ እኮ ሙዚየም የገባ ሰው ነኝ፣ ዝም በል አልባልም። ብትከፍት አይሻልህም? ውስጥ ገብቼ ቀስ ብዬ ልስደብህ።»

ሰንሰለቱ ተንሿሿ፤ ዌንደል በሚንቀጠቀጥ እጁ ሊያወልቀው ብዙ ታገለ። ሮሊ በስንጥቁ እያየ፣ ምንም ሳይናገር ጠበቀ። ለሮሊ ይህ ረጅም ጊዜ ነው።

በሩ ሲከፈት ዌንደል መጀመሪያ ያየው ዴልማርን ነው።

«አንተ ግባ» አለው ሮሊን። «ዳኛው አይገባም።»

«ድፍኑን የያዘው እሱ ነው» አለ ሮሊ።

«ድፍኑ ይግባ።»

«ዌንደል፣ አትቀልድ። ያለ ዳኛ ምን እንጫወታለን?»

«አንተ ዳኝ። እኔ ከእንግዲህ እሱ ፊት ዳይስ አልጥልም። ፍርዱን ጠግቤዋለሁ።»

ዴልማር ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ ትኩሱ ሳሕን በጓንቱ አልፎ መዳፉን እያቃጠለው ነው። መናደድ እንዳለበት ታወቀው። ቁጣውን ቢፈልገው አጣው። በምትኩ ከጫንቃው ላይ አንድ ነገር ሲወርድ ተሰማው፤ እንደ እርጥብ ካፖርት ያለ ነገር።

«እኔም ጠግቤዋለሁ» አለ። «ልጫወት?»

ሁለቱም አዩት።

«ምን ልትሆን?» አለ ዌንደል።

«አላውቅም። ሆኜ አላውቅም።»

ዌንደል ብዙ አየው። ከዚያ የሚራመድበትን መደገፊያ እየገፋ ዞር ብሎ መንገድ ለቀቀለት። «ጫማህን አውልቅ» አለ ብቻ።

የዌንደል ጠረጴዛ ትንሽ ናት፤ ድፍኑን መሐል አድርገው ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ተቀመጡ። ሮሊ ዳኝነቱን እንደ አክሊል ደፍቶ፣ ከሕንፃው የምሳ ዝርዝር ላይ ጀርባው ነጭ የሆነ ገጽ ቀዶ ለዴልማር ሰጠው። ዴልማር ሦስቱን ዳይስ አራት ጊዜ ጣለ። ጉልበት ሰባት። ብልሃት ዐሥር። ድፍረት ስድስት። ዕድል ዘጠኝ።

«ድፍረቱን እንደገና ልጣለው?»

«እኔ ባለሁበት?» አለ ሮሊ። «ጻፍ!»

ጻፈ። እርሳሱን ይዞ ስም ላይ ቆመ፤ ሃምሳ ሁለት ዓመት የሌሎችን ስም ሲሰማ ኖሮ የራሱ አንድም ስም አልመጣለት አለ። ባዶውን ተወው።

«እሺ» አለ ሮሊ፣ እጁን እያሻሸ። «ሁለታችሁ ከዋሻ አፍ ላይ ናችሁ። ጨለማ ነው። ከውስጥ ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣል፣ የሆነ ነገር ይሸታል። ኦርሞንድ ምን ታደርጋለህ?»

«ፋኖስ አበራለሁ» አለ ዌንደል።

«ማንሳት ከቻልክ። አንተስ፣ ስም የለሹ?»

ዴልማር አሰበበት። እውነቱን ለመናገር ይህን ያህል ያሰበበት ነገር በቅርብ አልነበረውም።

«እቀመጣለሁ» አለ።

«ምን?»

«ዋሻው አፍ ላይ ድንጋይ የለም? እሱ ላይ እቀመጣለሁ።»

«ሰውዬ፣ ጀብዱ ላይ ነህ! መቀመጥ የለም!»

«እኔም አብሬው እቀመጣለሁ» አለ ዌንደል፣ ሹካውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ድፍኑ እየላከ። «ድንጋዩ ለሁለት ይበቃል ወይ?»

«ኧረ የምን ድንጋይ! ከኋላችሁ እኮ የእግር ኮቴ ይሰማል! ትልቅ ነገር ነው! እየመጣ ነው!» ሮሊ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ፤ ሳሕኑ ዘለለ። «ምን ታደርጋላችሁ?»

ዴልማር ጀርባውን ወንበሩ ላይ ለቀቀ።

«ይምጣ» አለ።